ሁለት ቀን ተቀምጦ ሐኪም የሆነ የለም

ባለፈው እሑድ ከእንጦጦ ራጉኤል ቅዳሴ ወጥተን ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ፣ የአንድ ድርጅት የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ የሆነ ወዳጄ፣ «ሰርተፍኬት የሌለው ስክረም ማስተር፣ ዲግሪ እንደሌለው ሐኪም ነው» አለኝ። ይህንኑ በቅጥር ማስታወቂያው ላይ አስፍሮታል፤ ሰርተፍኬት የሌለው አያመልክት። (ስክረም የሶፍትዌር ቡድን ሥራውን በአጫጭር ዙር ከፍሎ የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ ስክረም ማስተር ደግሞ ቡድኑ በዘዴው በአግባቡ እንዲሠራ የሚያግዝ ሰው ነው።) ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ተከራከርን። ንዴቴ ዛሬም አልበረደም።

ሐኪም ስንት ዓመት ይማራል? ስንት ሌሊት በሽተኛ አጠገብ ያድራል? ሰርተፍኬቱን ከሚሰጡት ድርጅቶች የአንዱን፣ የስክረም አሊያንስን፣ የፈለገ ሰው ግን ሁለት ቀን ያህል ይሠለጥናል፤ ከ50 ጥያቄ 37ቱን ከመለሰ አለፈ። ሌላው ሰጪ ስክረም ዶት ኦርግ ደግሞ ሥልጠናውንም አያስገድድም፤ 80 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ሠርቶ 85 በመቶ ያመጣ ይበቃዋል። ወዳጄ ከሕክምና ጋር ያስተካከለው ይህን ነው!

ሥራ ፈላጊ ወጣቶችም «ከሁለቱ ሰርተፍኬቶች የቱ ይሻላል?» እያሉ ይጨነቃሉ። ኬን ሽዌበር ስክረም አሊያንስን ከመሠረቱት አንዱ ነበር፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ለቅቆ ሌላውን አቋቋመ። የፊተኛው በየሁለት ዓመቱ 100 ዶላር እየተከፈለበት ይታደሳል፣ የኋለኛው ጊዜ አያልፍበትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ እያወቁ ይህን ከሥራ ፈላጊ ልጅ መጠየቅ ግፍ ነው። የስክረም መመሪያው ራሱ ከ15 ገጽ አይበልጥም፤ በነጻ ይገኛል።

ዋናውን ነገር የሚጠይቅ ፈተና ደግሞ የለም። በሠራሁባቸው ቡድኖች የጠዋቷ የ15 ደቂቃ ስብሰባ ለአለቃ ሪፖርት ማቅረቢያ ሆና አይቻለሁ። ታላቁ ሳይናገር ታናሹ አይናገርም። ሥራው መበላሸቱን የምታውቅ ልጅ አንገቷን ደፍታ «ጥሩ ነው፣ እየሄደ ነው» ትላለች። አለቃው በስፕሪንቱ፣ ማለትም በአጭሩ የሥራ ዙር፣ መሃል አዲስ ትእዛዝ ይዞ ሲገባ፣ «ኢንጂነር፣ ይሄ ለሚቀጥለው ይቆይልን» ብሎ የሚደፍር አይገኝም። ይህን ሳያስቀይሙ መናገር፣ ዝም ያለችውን ልጅ ማናገር፣ መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ ሰንብቶ ከሥራው የቱ እንደሚቀነስ ከደንበኛ ጋር መስማማት፣ ስክረም ማስተርነት ማለት ይህ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ስክረም የሚመደብበትን የአጃይል አሠራር መርሆች ያወጁት 17 ሰዎችም ከአሠራርና ከመሣሪያ ያስቀደሙት ሰውንና የሰውን መግባባት ነው። ከማውቃቸው ሁሉ ይህን ሥራ አጥርታ የምትሠራው ሴት አንድም ሰርተፍኬት የላትም። በወዳጄ ማስታወቂያ እሷ ማመልከት እንኳ አትችልም።

ወዳጄ፣ ማስታወቂያህን ቀይረው። የመሩትን አንድ ሥራ ይዘው ይምጡ፤ የት ላይ እንደተበላሸና ያን ቀን ምን እንዳደረጉ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይንገሩህ።