ክልከላና ቃል ኪዳን፦ የጃይን የሥነ ምግባር ትምህርት ስለ ሱስ

ስለ ሱስ የሚናገር የሃይማኖት ትምህርት ሲነሣ ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው የክልከላ ዝርዝር ነው፦ አትጠጣ፣ አትቆምር፣ አትስረቅ። በሕንድ ምድር የበቀለው የጃይን እምነትም ከውጭ ለሚመለከተው ከዚህ የተለየ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው የሕንድ የሕዝብ ቆጠራ የተከታዮቹ ቁጥር ወደ 4.5 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር፤ ይበልጥ የሚታወቁት ግን ከሥጋና ከመጠጥ በመራቃቸው ነው። ይሁን እንጂ ይህን ትምህርት በክልከላው ብቻ መመዘን ፍሬውን ጥሎ ገለባውን እንደ መያዝ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ሰው ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚወድቅና ከየደረጃው እንዴት ሊመለስ እንደሚችል በሚያስረዳው ክፍል ውስጥ ነው።

የጃይን መምህራን ምእመኑ ሊርቃቸው የሚገባቸውን ሰባት ነገሮች ይዘረዝራሉ፦ ቁማር፣ ሥጋ መብላት፣ አስካሪ መጠጥ፣ ከሴተኛ አዳሪ ጋር መሄድ፣ አደን፣ ስርቆትና የሌላ ሰው ሚስት መመኘት። የጋራ ስማቸው «ቭያሳና» ነው። በአማርኛ «ሱስ» የሚለው ቃል ከቡና ፍቅር ጀምሮ ሰውን እስከሚያጠፋው ጥገኝነት ድረስ ይዘልቃል፤ የሳንስክሪቱ ቃል ግን ክፉ ልማድንም መከራንም በአንድነት ይሰይማል። ልማዱና ጥፋቱ በስም እንኳ አልተለያዩም። የማስረጃ ታሪኮቹም ከነገሥታትና ከመሳፍንት ሕይወት የተቀዱ ናቸው፦ ዩዲሽቲራ በቁማር መንግሥቱን አጣ፤ የያዳቫ ወገን በመጠጥ ጠፋ፤ ራቫና የሰው ሚስት ነጥቆ ወደቀ። አርታሻስትራ የተባለው ጥንታዊ የአስተዳደር መጽሐፍም ከፍትወት የሚመነጩ የንጉሥ ክፉ ልማዶች ብሎ አደንን፣ ቁማርን፣ ሴቶችንና መጠጥን ይጠቅሳል። ለቤተ መንግሥት የተዘጋጀው ማስጠንቀቂያ በጃይን መምህራን እጅ ወደ ተራው ሰው ቤት የወረደ ይመስላል።

ክልከላው የቆመበት ምክንያት ግን ከዝርዝሩ ይበልጣል። የኡማስቫቲ ታትቫርታ ሱትራ ዓመፅን የሚተረጉመው በዝንጉነት በሚደረግ ተግባር ሕይወትን መጉዳት በማለት ነው። ለዝንጉነት የሰጡት ስም «ፕራማዳ» ሲሆን፣ ከመገለጫዎቹ መካከል ስካር ከስሜት ግለት፣ ከእንቅልፍና ከከንቱ ወሬ ጋር ተሰልፎ ይገኛል። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው አምሪታቻንድራም ሰንሰለቱን ግልጽ ያደርገዋል፦ መጠጥ ልቡናን ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ልቡና ጽድቅን ይረሳል፤ ጽድቅን የረሳ ደግሞ ያለ ፍርሃት ይጎዳል። በዚህ አስተሳሰብ የሱስ ዋና ጉዳት ንቃትን መስረቁ ነው። ስለዚህ የተከለከለ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሰው ትኩረት የጥያቄው ማእከል ይሆናል።

አወዳደቅን በተመለከተ ትምህርቱ አራት ደረጃዎችን ይለያል። መጀመሪያ የልብ ንጽሕና ይደፈርሳል፤ ቀጥሎ ሰው የገባውን ቃል ወሰን ይጠጋል፤ ከዚያ በከፊል ይተላለፋል፤ በመጨረሻ ፈጽሞ ይጠመዳል። ነገሩ የለመለመ ማሳ ባየ በሬ ሊመሰል ይችላል፦ ይመኛል፤ ወደ አጥሩ ይጠጋል፤ አንገቱን አሻግሮ ጥቂት ይግጣል፤ ኋላም አጥሩን ጥሶ ይገባል። በከፊል መተላለፍ «አቲቻራ» ይባላል፤ ቃል ኪዳኑን ያቆስለዋል እንጂ አይሽረውም። ምእመኑ «ፕራቲክራማና» በተባለው የንስሐ ሥርዓት ጉድለቱን ይናዘዛል፤ ሥርዓቱ በየዕለቱ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ በየአራት ወሩና በየዓመቱ የሚፈጸምበት ጊዜ አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አለን ማርላትና ጁዲት ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ሥራ አንድን መሰናከልና ወደ ሱስ ሙሉ በሙሉ መመለስን በጥንቃቄ ለይተዋል። አንድ ብርጭቆ የቀመሰ ሰው «ከእንግዲህ አልቆልኛል» ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ ከብርጭቆው ይልቅ ተስፋ መቁረጡ ይጥለዋል። ሁለቱ አስተሳሰቦች ከተለያየ ምንጭ ቢነሡም በዚህ ነጥብ ላይ መገናኘታቸው ሊጠና የሚገባው ነው።

ሌላው ብልሃት የቃል ኪዳኑ ማነስ ነው። ለመነኮሳት የተደነገገው ታላቅ ቃል ኪዳን ለምእመናን «አኑቭራታ»፣ ማለትም ንኡስ ቃል ኪዳን ሆኖ ተሰጥቷል። ከዚህም ያነሰ አለ፦ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ለ48 ደቂቃ ከምግብና ከውሃ መታቀብ ራሱን የቻለ ቃል ኪዳን ነው። ዘመኑን ሁሉ ለመተው የሚፈራ ሰው አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ራሱን መግዛት ይለማመዳል። የቴራፓንት ወገን መሪ የነበሩት አቻርያ ቱልሲ እ.ኤ.አ. በ1949 የአኑቭራት ንቅናቄን ሲጀምሩ ይህንኑ ስልት ከሃይማኖቱ አጥር ውጭ ላለው ሰው ሁሉ አቀረቡት። ከንቅናቄው ቃል ኪዳኖች አንዱ ከአልኮል፣ ከትምባሆና ከመሳሰሉት አደንዛዥ ነገሮች የጸዳ ሕይወት መኖር ነው፤ ገቢው ግን የጃይንን እምነት እንዲቀበል አይጠየቅም።

ቃል ኪዳን ወደ ሕግ ሲለወጥ ግን ባሕርይው ይለወጣል። የጃይን ምንጮች የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጉጃራት ንጉሥ ኩማራፓላ በመምህሩ በሄማቻንድራ ምክር እርድን፣ መጠጥንና ቁማርን በግዛቱ እንደ ከለከለ ያወድሳሉ። የዛሬዋ ጉጃራትም እ.ኤ.አ. በ1960 ክፍለ ግዛት ሆና ከቆመች ጀምሮ አልኮልን ታግዳለች፤ ይህ እገዳ ግን በይበልጥ ከጋንዲ ውርስ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሕመዳባድ በድብቅ የተጠመቀ መርዛማ አረቄ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል። አዋጅ መጠጡን ከአደባባይ ሊያነሣ ይችላል፤ ንቃትን ግን አይተክልም። ንቃት ደግሞ የትምህርቱ ምሰሶ ነበር።

ትምህርቱ ከትችት ነጻ አይደለም። የጠጪውን ውድቀት በዝንጉነቱ ብቻ የሚተረጉም ሰው ሕመምተኛውን እንደ ጥፋተኛ ሊያይ ይችላል። ሰውነቱ በአልኮል ላይ ጥገኛ የሆነ ሰው በድንገት ሲያቆም ለሕይወቱ የሚያሰጋ የጤና ቀውስ ሊደርስበት ይችላል፤ እርሱን የሚያድነው ሐኪም እንጂ ቃል ኪዳን ብቻ አይደለም። በቤተሰብና በማኅበረሰብ ዐይን ፊት የሚገባ ቃልም ምን ያህል የፈቃድ እንደ ሆነ ያጠያይቃል። ስለዚህ የጃይን ስልት ይበልጥ የሚበጀው በአጥሩ አጠገብ ላለው፣ ገና ላልተጠመደው ሰው ነው። ለተጠመደው ከሕክምና ጎን የሚቆም ደጋፊ እንጂ የሕክምና ምትክ ሊሆን አይገባውም።

ሱስን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የእምነት ትምህርቶችን ብዙ ጊዜ በአንድ ተለዋዋጭ ብቻ ይመዝናሉ፦ ሰውየው ሃይማኖተኛ ነው ወይስ አይደለም? የጃይን ምሳሌ መጠይቁ ሊሰፋ እንደሚገባ ያሳያል። ቃሉን የገባው በፈቃዱ ነው? የጊዜ ገደብ አለው? ሲሰናከል የሚመለስበት ሥርዓት ተዘጋጅቶለታል ወይስ ከማኅበሩ ይገለላል? መመለሻ የሌለው ክልከላና መመለሻ ያለው ቃል ኪዳን በአንድ ዓምድ ከተቆጠሩ፣ ጥናቱ አጥሩን ይቆጥራል እንጂ በሩን አያይም።