ከሰሉ ዳውሮ፣ አፈሩ አረካ

አረካ ዙሪያ የአንድ ገበሬ መሬት ሁለት መልክ አለው። ከደጃፉ ጀምሮ እንሰቱና ቡናው የቆሙበት አፈር ጥቁርና ልስልስ ነው፤ ወላይታዎች ዳርኮዋ ይሉታል። ትንሽ ራቅ ሲሉ በቆሎና ስኳር ድንች የሚበቅልበት ሾቃ ይመጣል፤ እሱ ቀይ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው የሰው እጅ ነው። ፍጉ፣ አመዱ፣ የማጀቱ ጥራጊ ሁሉ ጓሮ ይቀራል። ከብቱ እየቀነሰ፣ መሬቱም ለልጆች እየተቆራረሰ ሲሄድ ለሾቃው የሚተርፍ ነገር ጠፋ።

ስለዚህ ደረጃው ዝቅ ያለ የድንጋይ ከሰል አፈር ያበለጽጋል ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። ከኦሞ ማዶ፣ ዳውሮ ውስጥ፣ የድንጋይ ከሰል አለና። ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚፈልጉት ሙቀቱን ነው፤ እርጥበትና አመድ የበዛበት አያጓጓቸውም። ለአፈር ግን እንዲህ ያለው ይሻላል። ከጥንት ረግረግ የቀረው ዕፅዋት ገና ሙሉ በሙሉ ከሰል አልሆነም፤ ሂዩሚክ አሲድ የሚባለው ነገር በብዛት ይገኝበታል። አሜሪካኖች በሰሜን ዳኮታ እንዲህ ያለውን በአየር የተብላላ ከሰል ሊዮናርዳይት ብለው ለእርሻ ይሸጡታል። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ተመራማሪዎች ቡናማ ከሰል ከብት በሚደልብበት በረት አንጥፈው፣ ከፍግና ከሽንት በንኖ የሚጠፋውን አሞኒያ ይዞ እንደሚያስቀር አሳይተዋል።

እኔን የሚያጓጓኝ ሌላው ነው። በወላይታ ቀይ አፈር ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን ጨምድደው ይይዙታል። ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ መሬት ገብቶ ሰብሉ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ሂዩሚክ አሲድ አሉሚኒየሙን ሲይዝ ፎስፈረሱ ለሥር ይለቀቃል፤ ቢያንስ ኬሚስትሪው እንዲህ ይላል።

ግን ቀስ እንበል። ይህ ከሰል ዩሪያን አይተካም፤ ለሰብል የሚሆን ናይትሮጅን እምብዛም አይሰጥም። ድኝ ያለበት ከሆነ ደግሞ ከአየርና ከውኃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይወልዳል። ከአገራችን የእርሻ መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው እየተባለ፣ ያልተመረመረ ከሰል መበተን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። አርሴኒክና ሌሎች ከባድ ብረቶችም ሊኖሩት ስለሚችሉ ቤተ ሙከራ ሳያየው ማሳ መግባት የለበትም። በጠርሙስ የሚሸጠው የሂዩሚክ ፈሳሽ ውጤትም ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ነጋዴው ከተመራማሪው ቀድሞ ገበያ እንዳይደርስ እሰጋለሁ።

ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ የማግኘት ሕልማችን አዲስ አይደለም። ኢሉባቦር፣ ያዩ ላይ በከሰል በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያ ይመረታል ተብሎ ሥራው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ለመንግሥታዊው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ተሰጠ። ገንዘቡ ፈሰሰ፣ ዩሪያው አልመጣም። አሁን ተስፋው ሶማሌ ክልል ወዳለችው ጎዴ ዞሯል፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር የተፈረመው ውል በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ነው፣ እሱም ከተፈጥሮ ጋዝ። እኔ የምለው ግን ቢሊዮን ዶላር አይጠይቅም። መፍጫ፣ ፍግና አሲዱን የሚያበርድ ኖራ ይበቃል።

በእንሰት ምርምሩ የሚታወቀው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጧል። ሙከራው ሾቃ ላይ ይሁን፤ ዳርኮዋማ ምንም ቢዘሩበት ያበቅላል። አንዱ መደብ ኖራ ብቻ፣ አንዱ ፍግ ብቻ፣ አንዱ ኖራና ፍግ፣ የመጨረሻው ኖራ፣ ፍግና ከሰል ይሁን። አንድ ዝናብ አይበቃም፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይታይ። የጭነት መኪናው ኪራይም ከዳውሮ በሶዶ በኩል እስከ አረካ በሒሳቡ ይግባ፤ ጥሬው ከሰል በኩንታል ሳይሆን በቶን ነውና የሚፈለገው። ኖራና ፍግ ብቻ ያገኘው መደብ ከሰል የተጨመረበትን ከተስተካከለው፣ ከሰሉ ባለበት ይቅርና የኪራዩ ገንዘብ ኖራ ይገዛበት።