የመሪያችሁን ውስጥ ሳታዩ አትሻገሩ

እኩዮቼ፣ ጀልባዎቻችን አብረውን አርጅተዋል። ብዙዎቻችን የያዝናቸው ባለ ሸራ ጀልባዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩ ናቸው። ሸራ እንቀይራለን፣ ሞተር እናስፈትሻለን፤ ውኃ ውስጥ ያለውን መሪ ግን ቀለም ቀብተን እናልፈዋለን። ይህ ልማድ ሰው ያስበላል።

የእነዚህ ጀልባዎች የመሪ ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ ድፍን አይደለም። ሁለት የፋይበርግላስ ቅርፊቶች ናቸው፤ መሐላቸው ፎም ተሞልቷል፤ በፎሙ ውስጥ ደግሞ መሪውን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የተበየዱ የብረት ክንፎች ተቀብረዋል። ጉልበቱን ሁሉ የሚችለው ያ ብየዳ ነው። ዘንጉ ሰሌዳው ውስጥ በሚገባበት አንገት ላይ ብረቱና ፋይበርግላሱ ጠብቀው አይያያዙም። በዚያች ስንጥቅ ውኃ ይገባል፣ ገብቶም ይተኛል። አይዝጌ የምንለው ብረት ዝገት የሚቋቋመው ኦክስጅን ሲያገኝ ነው፤ ታፍኖ በቆመ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ግን እየተቦረቦረ ያልቃል። ላዩ ነጭና ለስላሳ፣ ውስጡን ለቄስ።

ስለዚህ ጀልባው ከባሕር ሲወጣ አትቸኩሉ። ቀናት አሳልፋችሁ ተመለሱ። ሌላው ሁሉ ደርቆ ከአንገቱ ወይም ከታችኛው ጠርዝ ቡናማ ውኃ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ብረቱ እየተበላ ነው። ሰሌዳውን በፕላስቲክ መዶሻ ከላይ እስከ ታች አንኳኩት፤ ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ቅርፊቱ ከፎሙ የተላቀቀበት ግን ይታፈናል። ከዚያ አንድ ሰው የመሪውን እጀታ ግጥም አድርጎ ይያዝላችሁና የሰሌዳውን የኋላ ጠርዝ ግራና ቀኝ ግፉት። ዘንጉ ቆሞ ሰሌዳው ብቻ ከዞረ ብየዳው ለቋል፤ ያ ጀልባ ውኃ መንካት የለበትም። ሁለቱ አብረው ወደ ጎን ከተንገጫገጩ ኩሽኔታው ነው፣ እሱስ ይቀየራል።

ከጠረጠራችሁ ከታች በኩል በድሪል ብሱት። ውኃ ከወረደ ቀዳዳውን በኢፖክሲ ደፍኖ መሄድ ራስን ማታለል ነው። ቅርፊቱ ተከፍቶ ብረቱ በዓይን ይታይ።

እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በጂብራልታር ሰርጥ አካባቢ ኦርካ የተባሉ የባሕር እንስሳት የጀልባ መሪ እየመቱ ነው። «ነካ አድርጎን ሄደ፣ ምንም አልሆንንም» የምትሉ አላችሁ። መሪው ባይሰበርም አስከፍቱት። መሪ በማዕበልም ይሰበራል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የፋስትኔት የጀልባ ውድድር 303 ጀልባዎች ተነሥተው ማዕበል 15 ተወዳዳሪዎችን ገደለ፤ ያን ጊዜ አዳዲስ የካርቦን ፋይበር መሪዎች እንኳ ተሰባብረዋል። እኛ ደግሞ መሪ ቢሰበርብን ሌሊት በማዕበል መሐል ከሳንቃ ምትክ መሪ የምንሠራበት ጉልበት አልፎናል፤ አብረውን የሚሳፈሩትም የልጅ ልጆቻችን ናቸው። ማስከፈቻው ገንዘብ ካልተገኘ ዘንድሮ ከወደብ አትውጡ።