የአባት ቤት ባለቤት ማን ነበረ?

ወንድማማቾች በአባት ቤት ሲካሰሱ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚከረው ከክፋት ይልቅ ካለማወቅ የተነሣ ነው። አንዱ «አያቴ የገዛው ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «በስጦታ የተገኘ ነው» ይላል፤ ሁለቱም የሰሙትን እንጂ ያዩትን አይናገሩም። ስለዚህ የቤቱን ታሪክ ጠብ ሳይነሣ፥ በፍቅር ጊዜ መመርመር ይገባል።

አስቀድሞ ሽማግሎችን ጠይቆ ቃላቸውን መጻፍ ነው፤ ወረቀት ይቆያል፥ ሽማግሌ ግን አይቆይም። ቀጥሎ ጽሑፉን መፈለግ ነው። በአዲስ አበባ የቦታ ባለቤትነት በሕግ የታወቀው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዐዋጅ ነው። በጎንደር ግን ከዚያ አስቀድሞ የቤትና የመሬት ሽያጭ ከነእማኞቹ በአብያተ ክርስቲያናት ወንጌል ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር።

ስም ሲገኝም መቸኮል አይገባም። የቀድሞ ሰው በክርስትና ስሙ፥ በዓለም ስሙና በፈረስ ስሙ ይጠራ ነበርና። አባ ዳኘው ማለት ምኒልክ መሆናቸውን ሁሉ ያውቃል፤ የየራሳችንን አያት የፈረስ ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ስሙን ከአዋሳኞቹ ስም ጋራ ማመሳከር ይበጃል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ስላደረገ፥ የቀድሞው ወረቀት ብቻውን ቦታ አያስመልስም። ቢሆንም ማን እንደ ሠራው፥ ማንም ለማን እንዳወረሰው ይመሰክራል። የተገኘውንም ጽሑፍ ለወራሾች ሁሉ እኩል ማስነበብ ነው፤ በአንድ ሰው ሣጥን የተቈለፈ ወረቀት ዘመድን ከዘመድ ያጠራጥራልና።