በጠባብ በር የሚገባ ትልቅ ካርድ፦ አሮጌ ላፕቶፕ፣ የውጭ ግራፊክስ ካርድና የድኅረ ምረቃ ጥናት

በድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች የምርምር ርዕስ የሚመረጠው በጥያቄው ክብደት ብቻ አይደለም። በአማርኛ ንግግር ልየታ፣ በብራና ጽሑፎች ምስል ንባብ ወይም በቡና ቅጠል በሽታ ላይ ሊሠራ የተነሣ ተማሪ የጥናት ዕቅዱን ሲያቀርብ ቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ «በምን ኮምፒውተር?» የሚል ነው። መልሱ ከ10 ዓመት በላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ርዕሱ ይጠብባል፤ አንዳንዴም ጭራሹን ይቀየራል። ይህ ውሳኔ ብዙ ጊዜ ያለ ስሌት የሚሰጥ ነው። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ከውጭ ሲገናኝለት አሮጌ ላፕቶፕ ለተወሰነ ዓይነት ጥናት ብቁ ሊሆን ይችላል፤ ለየትኛው ጥናት እንደሚበቃም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በወረቀትና በእርሳስ ማወቅ ይቻላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከበሩ ነው። ግራፊክስ ካርድ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በተባለው መንገድ ሲሆን፣ በጠረጴዛ ኮምፒውተር ይህ መንገድ 16 መስመሮች አሉት። በሦስተኛው ትውልድ መስመሮቹ በአንድነት በየአቅጣጫው በሰከንድ ወደ 16 ጊጋባይት የሚጠጋ መረጃ ያሳልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጡት እንደ ቲንክፓድ ቲ420 እና ኤክስ220 ያሉ ላፕቶፖች ግን በጎናቸው ባለው የኤክስፕረስካርድ ቀዳዳ የሚሰጡት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አቅሙም ቢበዛ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ነው። ከዚያ ቀደም ባሉት ደግሞ 250 ነው። ቀዳዳው የሌላቸው ላፕቶፖች የዋይፋይ ካርዱ የሚሰካበትን ቦታ መጠቀም ይችላሉ፤ ይሁንና አንዳንድ አምራቾች በዚያ ቦታ ራሳቸው ከፈቀዱት ካርድ በቀር ሌላ እንዳይሠራ በባዮሱ ውስጥ ከልክለዋል። ዘግየት ብለው በወጡት ላይ የዲስኩ ኤም.2 ቀዳዳ አራት መስመር ስለሚሰጥ እጅግ የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው ታንደርቦልት 3 ከሁሉም ይመቻል።

500 ሜጋባይትን ከ16 ጊጋባይት ጋር አስተያይቶ «ይህማ ከንቱ ድካም ነው» ማለት ይቀላል። ለጨዋታ ከሆነ ፍርዱ ከእውነት አይርቅም። በ1920 በ1080 ጥራት አንድ ምስል 8.3 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ በሰከንድ 60 ምስል ወደ ላፕቶፑ ስክሪን ይመለስ ቢባል ወደ 498 ሜጋባይት ያስፈልጋል፤ ይህም በሩን እስከ ጫፉ ይሞላዋል። ስለዚህ ጨዋታ የሚፈልግ ሰው ሌላ ሞኒተር ከካርዱ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ይኖርበታል፤ ያም ሆኖ የካርዱን ሙሉ ጉልበት አያገኝም።

የምርምር ስሌት ባሕርይ ግን ሌላ ነው። ሞዴሉ አንድ ጊዜ ወደ ካርዱ ሜሞሪ ከገባ በኋላ እልፍ አእላፍ ማባዛትና መደመር የሚካሄደው እዚያው ነው፤ በበሩ የሚያልፈው የሥልጠናው መረጃና ጥቂት ውጤት ብቻ ነው። የንግግር ጥናትን እንውሰድ። በ16 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ 115 ሜጋባይት ይሆናል። በሩ በተግባር 400 ሜጋባይት ያሳልፋል ቢባል፣ የ10 ሰዓት ንግግር በሙሉ ከሦስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይገባል፤ ሥልጠናው ግን ሰዓታት ይወስዳል። ጽሑፍ ከዚህም ይቀላል። ሰባት ቢሊዮን መለኪያ ያለው የቋንቋ ሞዴል በአራት ቢት ሲታመቅ 3.5 ጊጋባይት ያህል ነው፤ ሲጫን አሥር ሰከንድ ገደማ ያስጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ጥበቱ እምብዛም አይታወቅም።

ምስል መካከለኛ ቦታ ላይ ነው፤ ብልሃት የሚጠይቀውም እርሱ ነው። 64 ባለ ቀለም ምስሎች በ224 በ224 መጠን፣ እያንዳንዱ ቁጥር በአራት ባይት ተጽፎ ሲላክ 38.5 ሜጋባይት ይሆናሉ፤ በሩን ለማለፍ ወደ 96 ሚሊሰከንድ ይፈጃሉ። እነዚያው ምስሎች በአንድ ባይት እንዳሉ ተልከው ቅየራው ካርዱ ላይ ቢደረግ 24 ሚሊሰከንድ ይበቃቸዋል። ጥቂት የፕሮግራም መስመሮችን በማስተካከል ብቻ የበሩ ጥበት በአራት እጥፍ ቀለለ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ስሌት በጥናት ዕቅዱ ውስጥ ያሰፈረ ተማሪ «አቅም የለም» ለሚለው አስተያየት በቂ መልስ ይኖረዋል።

ይህ ማለት ሥራው እንቅፋት የለውም ማለት አይደለም። የአሮጌ ላፕቶፕ ባዮስ ለትልቅ ካርድ የሚበቃ የአድራሻ ቦታ ሳይሰጥ ሲቀር ዊንዶውስ «ስህተት 12» ብሎ ካርዱን ይተወዋል፤ መፍትሔ አለው፣ ግን ሌሊት ያሳድራል። ፕሮሰሰሩም ይታይ፦ ቴንሰርፍሎው ከ1.6ኛው ዕትም ጀምሮ ተዘጋጅቶ የሚቀርበው ኤቪኤክስ የተባለውን የትእዛዝ ስብስብ ለሚያውቁ ፕሮሰሰሮች ነው፤ የ2011ዱ ቲ420 ያውቀዋል፣ ባለ ኮር 2 ዱዎ ላፕቶፕ ግን አያውቀውም። በርካሽ የሚገኝ ካርድም ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚገኝበትን የፓስካል ትውልድ ኩዳ 13 ከድጋፍ ዝርዝሩ አውጥቶታል፤ በቀድሞው ኩዳ መሥራት ቢቻልም፣ ዛሬ ለሚገዛ ሰው ከቱሪንግ ትውልድ ጀምሮ ያለውን መምረጥ ይሻላል። ከፍጥነቱ ይልቅ የሜሞሪው መጠን ይቅደም፤ ሞዴሉ ካርዱ ውስጥ ካልገባ መረጃው በጠባቡ በር ሲመላለስ ይውላልና።

የኤሌክትሪክ ነገር ለብቻው መነሣት ይኖርበታል። ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ በባትሪው ይቀጥላል፤ ይህም በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ለሚሠራ ተማሪ ትልቅ ጸጋ ነው። የውጭ ካርድ ግን ኃይሉን የሚያገኘው ከራሱ ፓወር ሰፕላይ ስለሆነ መብራቱ እንደሄደ ይሞታል፤ ላፕቶፑ በሕይወት ቢቆይም ሥልጠናው ይቋረጣል፣ ሲስተሙም ብዙውን ጊዜ ይደርቃል። እንግዲህ ዩፒኤስ ወይም ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ የሞዴሉን ሁኔታ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም የግድ ነው። 75 ዋት የሚበቃው ካርድ ለትንሽ ዩፒኤስ አይከብድም፤ 170 ዋት የሚፈልገው አርቲኤክስ 3060 ግን 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ቢኖረውም ሌላ ዝግጅት ይጠይቃል።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው «ጎግል ኮላብ በነጻ እያለ ለምን?» የሚለው ነው። ነጻው አገልግሎት ቢበዛ በ12 ሰዓት ይቋረጣል፤ ካርድ ለማግኘቱም ዋስትና የለም። ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ ደግሞ ብዙ ጊጋባይት ድምፅ ወደዚያ መላክ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው፦ ካርድ፣ ፓወር ሰፕላይና አስማሚ ከሚገዛ ያገለገለ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ለምን አይገዛም? ምንም ለሌለው ሰው ይህ ትክክል ነው፤ ሊከራከሩትም አይገባም። ላፕቶፑ አስቀድሞ ላለው ግን ተጨማሪው ወጪ በዋናነት ካርዱ ሲሆን፣ ካርዱ ደግሞ ነገ ባለ 16 መስመር ኮምፒውተር ሲገኝ ወደዚያ ይዛወራል። የሚቀረው አስማሚው ብቻ ነው፤ እርሱም ከሁሉ ርካሹ ዕቃ ነው።

ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አንድን ካርድ እንኳ ከተማሪ አቅም በላይ እንዳደረገው አይካድም። ስለዚህ ግዥው የተማሪው ብቻ ሊሆን አይገባም። ትምህርት ክፍሎች ለሙሉ ላቦራቶሪ የሚሆን በጀት እስኪፈቀድ ከመጠበቅ ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ካርዶችን ከነአስማሚያቸውና ከነዩፒኤሳቸው ገዝተው እንደ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በፊርማ ሊያውሱ ይችላሉ። የሚበደረው ተማሪ የጥናት ዕቅዱን ከላይ ከታየው ዓይነት የአንድ ገጽ ስሌት ጋር ያቅርብ፤ የሥልጠናው ወቅት ሲያልቅ ይመልስ። ላፕቶፑ የማይቀበለው ተማሪም ቢኖር፣ ያው ካርድ በመምህራን ክፍል ካሉት የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ሳጥኑና ፓወር ሰፕላዩ በሚፈቅደው ላይ ማታ ማታ ሊሰካለት ይችላል።