ለትራፊክ ፖሊስ የሚታይ ወረቀት ወይስ የሰው ሐቅ?

 

አላህ ሪዝቁን አስፍቶለት የመኪና ባለቤት የሆነ ሙስሊም ቤተሰብ ዛሬ ጥቂት አይደለም። አንዱ ሚኒባስ ገዝቶ ሾፌር ቀጥሮበታል። ሌላው አይሱዙውን ከደሴ አዲስ አበባ ያመላልሳል። ሌላው ከወንድሞቹ ጋር አዋጥቶ ባጃጅ አውጥቷል። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስባት አንዲት የቤት መኪና ያለችውም አለ። እነዚህን ወንድሞች «መኪናህ ምን ዓይነት ኢንሹራንስ አለው?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ከብዙዎቹ የምታገኙት መልስ ተመሳሳይ ነው፦ «ያው ሦስተኛ ወገን ነዋ! ትራፊክ እንዳይዘኝ ያህል።»

ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈችን «ትራፊክ እንዳይዘኝ ያህል» የምትለዋ አነጋገር ናት። በቀላሉ ከአፍ የምትወጣ ብትሆንም ከበስተኋላዋ ያለው አስተሳሰብ ግን ቀላል አይደለም። ለመሆኑ ይህ «ሦስተኛ ወገን» የሚባለው ማን ነው? ትራፊክ ፖሊሱ ነውን? በፍጹም! ሦስተኛው ወገን አስፋልት የሚሻገረው ተማሪ ነው፤ ከገበያ የምትመለሰዋ እናት ናት፤ በመንገድ ዳር ሱቁን ከፍቶ የተቀመጠው ነጋዴ ነው። ውሉ ሲፈረም እነርሱ በቦታው የሉም፤ የሚፈረመው ግን ስለ እነርሱ ነው። ታዲያ የእነርሱን ሐቅ የያዘውን ወረቀት ከቦሎው ጎን በመስታወት ላይ የሚለጠፍ ጌጥ ያደረግነው በምን ሒሳብ ነው?

ሐቁ የማን ነው?

በሸሪዓችን ሰውን በስህተት የገደለ ሰው ሁለት ዕዳ አለበት። በሱረቱ ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ እንደተደነገገው አንደኛው ከፋራ ነው፤ ይህ በገዳዩና በጌታው መካከል ያለ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ዲያ ነው፤ ይህ የሟች ቤተሰቦች ሐቅ ሲሆን እነርሱ ራሳቸው ይቅር ካላሉ በስተቀር አይወድቅም። «ሳላስበው ነው፣ ፍሬኑ እምቢ ብሎኝ ነው» ማለት ከቂሳስ ያድን እንደሆነ እንጂ ከዲያ አያድንም።

ፉቀሃዎች ከዚህ ጋር አያይዘው ያስተማሩት አንድ ታላቅ ነገር አለ። የስህተት ግድያ ዲያ የሚከፈለው በገዳዩ ብቻ ሳይሆን «ዓቂላ» በሚባሉት የወገን ዘመዶቹ መዋጮ ነው፤ ክፍያውም በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ ይፈጸማል። መቶ ግመል ለአንድ ሰው ከአቅም በላይ ነዋ! ሸሪዓ የሟችን ወላጅ አልባ ልጆች ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ አደረገ፤ የገዳዩንም ቤት አላፈረሰም። ሸክሙን ለብዙዎች አከፋፈለው።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። ዛሬ የእኛ ዓቂላ ማን ነው? በከተማ ጎረቤቱን በስም የማያውቅ ሰው ነገ አደጋ ቢያደርስ ማን ያዋጣለታል? እድራችን፣ በወሎ ቅሬ የምንለው፣ የራሳችንን ሟች ይቀብራል፤ ድንኳን ይጥላል፤ ያጽናናል። አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው! ነገር ግን በእኛ መኪና ለሞተው ሰው ካሳ ሊከፍል አልተቋቋመም። በዚህ መሐል ሽማግሌ ተልኮ፣ መኪናው ተሸጦ፣ ቤት ተይዞ፣ የሟች ቤተሰብም የሚገባውን ሳያገኝ የሚቀርበት አጋጣሚ ስንት ነው!

የአገራችን ሕግም በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ባለመኪናው መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ ባለቤቱ ኃላፊ ነው። ከዚያም አዋጅ ቁጥር 559/2000፣ ቀጥሎም እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ለማንኛውም ባለተሽከርካሪ ግዴታ እንዲሆን አደረጉ። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና የተጎዳ ሰው እንዳይጣል የመድን ፈንድ ተቋቋመ፤ ለተጎጂውም አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጠው ተደነገገ። ይህ ሁሉ የተደረገው ለተጎጂው ታስቦ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ አስከባሪው ብቻ ነው።

ሆኖም ይህ ግዴታ የሚሸፍነው እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ነው። በ2000ው አዋጅ ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለው ከ40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ ከ100 ሺህ ብር አይበልጥም ነበር። ዛሬ የሚሠራበትን መጠን ከመድን ድርጅታችሁ ጠይቃችሁ እወቁ። መጠኑ ምንም ይሁን ምን ጣሪያ ጣሪያ ነው፤ ከእርሱ በላይ ያለው ዕዳ ወደ ባለመኪናው ይመለሳል።

ተወኩል ወይስ ቸልተኝነት?

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ «እኔ በአላህ ተመክቻለሁ፤ የተጻፈ አይቀርም» ይላሉ። ቃሉ እውነት ነው፤ የተጠቀሙበት ቦታ ግን የተሳሳተ ነው። ግመሉን ሳያስር ልተወው ወይ ብሎ ለጠየቀው ሰው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡት መልስ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው፤ አስቀድሞ ማሰር፣ ከዚያም መመካት። ደግሞስ ወንድሜ ሆይ! በአላህ የምትመካ ከሆነ ጎማህን ስለ ምን ትቀይራለህ? ጋራዥ ስለ ምን ትሄዳለህ? ማታ ማታ መኪናህን ዘበኛ ወዳለበት ግቢ የምታስገባው ለምንድን ነው? ለራስህ ንብረት ሲሆን ሰበብ ታደርሳለህ፤ ለሌላው ሰው ሐቅ ሲሆን ቀደርን ትጠቅሳለህ! ይህ ተወኩል ሳይሆን በተወኩል ስም ከወጪ መሸሽ ነው።

በራስህ መኪና ላይ ለደረሰ ጉዳት ልትታገስ ትችላለህ፤ ሶብርህም ምንዳ አለው። እግሩ በመኪናህ በተቆረጠ ሰው ፈንታ ግን አንተ ልትታገስለት አትችልም። ሶብሩ የእርሱ ነው፤ የአንተ ፋንታ ዕዳህን መክፈል ነው።

«ሐራም ነው» ለሚሉን

ሌሎች ደግሞ ከዲን አንጻር ይከራከራሉ። ክርክራቸው ተገቢ ስለሆነ በአግባቡ ልንመልስ ይገባል። ጅዳ የሚገኘው የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳለፈው ውሳኔ ቋሚ አረቦን የሚከፈልበት የንግድ ኢንሹራንስ ውልን የሚያበላሽ ከፍተኛ ገረር ያለበት በመሆኑ የተከለከለ ነው ብሏል። እንደ ሸይኽ ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ ያሉ ዑለማዎች ደግሞ የተፈቀደ ነው የሚል አቋም ነበራቸው። መንግሥት ግዴታ ያደረገውንና መኪና ያለ እርሱ የማይንቀሳቀስበትን ደግሞ መክፈል ይቻላል ያሉ ዑለማዎች ብዙዎች ናቸው።

ነገር ግን የ1985ቱን ውሳኔ የሚጠቅሱልን ሰዎች ግማሹን አንብበው ግማሹን ይተዉታል። ያው ውሳኔ በትብብርና በልግስና ላይ የተመሠረተ መድን ሐላል አማራጭ መሆኑን ተናግሯል፤ ሙስሊም አገሮችም እንዲያቋቁሙት ጥሪ አቅርቧል። ይህም «ተካፉል» የምንለው ነው። ሱዳን ጎረቤታችን እ.ኤ.አ. በ1979 ጀምራዋለች፤ ማሌዥያ በ1984 ሕግ አውጥታለታለች። መሠረቱም አዲስ አይደለም። አሽዓሪዮች ስንቅ ሲያጥራቸው ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ ነበር፤ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ ሥራቸው አመስግነዋቸዋል።

ስለዚህ «ሐራም ነው» ያለ ሰው ሥራው በዚህ ቃል አያበቃም፤ ገና መጀመሩ ነው። ሐላሉን ፈልግ! በእኛ አገር ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካፉል መመሪያ አውጥቷል፤ የተካፉል መስኮት የከፈቱ የመድን ድርጅቶችም አሉ። እንግዲህ «አማራጭ የለም» የሚለው ምክንያት ከስሯል።

ይሁንና በስሙ ብቻ አትታለሉ። ወደ መስኮቱ ስትሄዱ ጠይቁ፦ የተሳታፊዎች መዋጮ ከድርጅቱ ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጣልን? ገንዘቡ ወለድ በሌለበት ሥራ ላይ ይውላልን? ከካሳ የተረፈው ትርፍ የማን ነው? የሸሪዓ አማካሪዎቹ እነማን ናቸው? ድርጅቱ ለሥራው የሚወስደው ስንት ነው? በግልጽ የማይመልስላችሁ ከሆነ በዓረብኛ ስም የተጻፈ ያው የቀድሞው ውል ሊሆን ይችላል።

ምን እንምረጥ?

ተካፉል ሆነም አልሆነም ሽፋን ስትመርጡ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። በመጀመሪያ ልትጎዱት የምትችሉትን ሰው አስቡ፤ ከዚያ የራሳችሁን ንብረት። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። አዲስ መኪና የገዛው ሀብታም ለቆርቆሮው ሙሉ ሽፋን ይገዛል፤ ለሰው ግን ዝቅተኛውን ጣሪያ እንዳለ ይተወዋል! የሦስተኛ ወገኑን ጣሪያ ተጨማሪ አረቦን ከፍሎ ማስጨመር እንደሚቻል ጠይቆም አያውቅም።

የሦስተኛ ወገን መድን የራሳችሁን መኪና አይጠግንም። ሙሉ ኢንሹራንስ የሚባለው ግን ግጭትን፣ መገልበጥን፣ ቃጠሎንና ስርቆትን ይጨምራል። በሽፍታና በታጠቁ ሰዎች የሚደርሰው ጉዳት፣ ባለመኪናዎች «ቢ.ኤስ.ጂ.» የሚሉት፣ ለብቻው ተከፍሎ የሚገባ ነው፤ የተሳፋሪዎች አደጋም እንዲሁ። አይሱዙው አገር አቋራጭ የሚሠራ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ቢፈርም ኋላ ይቆጨዋል። ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያች አንዲት መኪና ከሆነ ሙሉ ሽፋን ቅንጦት አይደለም። ያረጀችና ዋጋዋ ዝቅ ያለ የቤት መኪና ያለው ግን ከሙሉ ሽፋኑ ይልቅ ከፍ ያለ የሦስተኛ ወገን ጣሪያ ሊበጀው ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ዋጋ ነው። አረቦን ለመቀነስ ብለው የመኪናቸውን ዋጋ አሳንሰው የሚያስመዘግቡ አሉ። ሁለት ሚሊዮን ብር የምታወጣ መኪና በአንድ ሚሊዮን ተመዝግባ የ200 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስባት ድርጅቱ የሚያስበው ግማሹን ማለትም 100 ሺህ ብር ነው፤ ከዚያም ላይ በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ ይነሳል። ይህ ሐሰትም ነው፤ ኪሳራም ነው። ሳያሳንሱ ያስመዘገቡትም ቢሆኑ የመኪና ዋጋ በናረበት በዚህ ዘመን ውሉን ሲያድሱ ዋጋውን ማስተካከል አለባቸው።

እንደዚሁም በቤት መኪናነት አስመዝግቦ በክፍያ ሰው ማመላለስ፣ መንጃ ፈቃዱ ለዚያ ዓይነት መኪና ለማይፈቅድለት ልጅ ቁልፍ መስጠት፣ ከልክ በላይ መጫን ሽፋንን የሚያሳጡ ናቸው። ውል ደግሞ ቃል ኪዳን ነው፤ ሙእሚን ለውሉ ታማኝ ነው።

ለመድን ድርጅቶችም የምንለው አለን። የማይነበብ ጥቃቅን ጽሑፍ፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ለአንድ ባለባጃጅ ሰጥቶ «እዚህ ጋ ፈርም» ማለት አማና አይደለም። ሲሸጥ ፈገግ ብሎ ካሳ ሲጠየቅ «ውሉን አላነበብክም?» ማለት ነውር ነው። ውሉን በሰው ቋንቋ አስረዱ! እናንተም አንባቢያን፣ ማንበብ የሚችል ልጅ በየቤታችሁ አለ፤ አስነብባችሁ ፈርሙ።

ለመስጊድ ኢማሞችና ለዳዒዎቻችንም አደራ አለን። ስለ ዱቤና ስለ ወለድ እንደምታስተምሩ ሁሉ መሪ ስለሚጨብጥ ሰው ኃላፊነትም አስተምሩ። ሰላትን የሚያዘወትር፣ ዘካውን የሚያወጣ ባለመኪና የሰው ደም ሐቅ በጫንቃው ተሸክሞ ጌታውን እንዳይገናኝ ማስጠንቀቅ ከማንም ይልቅ የእናንተ ሥራ ነው።

ወንድሜ ሆይ! እህቴ ሆይ! በሚቀጥለው ጊዜ ውላችሁን ስታድሱ «ትራፊክ እንዳይዘኝ ያህል» አትበሉ። ትራፊክ ፖሊሱ ባያይህ እንኳ የሚያይህ አለ። የትንሣኤ ቀን በመስታወትህ ላይ ምን እንደለጠፍክ የሚጠይቅህ የለም፤ የተገጨው ሰው ሐቅ የት እንደደረሰ ግን ትጠየቃለህ።

አላህ (ሱ.ወ) እኛንም መንገደኞቻችንንም ከአደጋ ይጠብቀን፤ የሰውን ሐቅ ከሚያከብሩትም ያድርገን። አሚን!