የጋራ ሳተላይት፣ የተመልካች ዕዳ

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ የተቀዱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃውሞ በባህል ላይ አተኮረ። ከባህሉ ሙግት ጎን ለጎን ግን የማስታወቂያ ገቢ ሽሚያም ነበር። ይህ ገቢ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከብሮድካስት ሲከለክል ይበልጥ ጠበበ፤ የሳተላይት ኪራይ በበኩሉ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል።

ስለሆነም በ2012 ዓ.ም. ጣቢያዎች በኢትዮሳት አማካይነት በአንድ ሳተላይት ላይ መሰባሰባቸው ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ዲሽ የማዞሩ ወጪ የወደቀው በተመልካቹ ላይ ነው። ቡኢን በመሰለች ከተማ የሚኖር ቤተሰብ ለባለሙያ ካልከፈለ የሚያየው ባዶ መስኮት ነው፤ ተመልካች ሲቀንስ ደግሞ አስተዋዋቂም ይሸሻል።

ጣቢያዎች በይዘት ይፎካከሩ፣ በማሰራጫ ይተባበሩ፤ ለወደፊቱም ሳተላይት ሲቀይሩ የተመልካቹን ወጪ ከራሳቸው ሒሳብ ሊያስገቡት ይገባል።